የ400፣ የ1,300 ወይስ የ5,800 ብሩ? ላፕቶፕና ታብሌት በታይፕ ሲ ለምትሞሉ

«ይሄ ላፕቶፔን ያቃጥልብኛል?»

ይሄ ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ በቴሌግራም ይመጣልኛል። ሁልጊዜ ከፎቶ ጋር ነው። ፎቶው ላይ አንድ የቻርጀር ራስ አለ፤ ከጀርባው የሱቅ መደርደሪያ ይታያል። ጠያቂዋ እዚያው ቆማለች ማለት ነው፤ ሻጩም አፍጥጦ እየጠበቃት ነው። ስለዚህ መልሴ አጭር ነው፦ «ገልብጪውና ጀርባውን አንስተሽ ላኪልኝ።»

ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄን ልላክ። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ አይደለሁም። ቤቴ ሆኜ የሰው ሂሳብ ነው የምሠራው። ስለ ቻርጀር ያወቅኩት በኪሳራ ነው፤ ኪሳራዬን ደግሞ አንድ በአንድ መዝግቤዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በ400 ብር ነው። ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 ገዛሁ። በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ላፕቶፕ ነው፤ በታይፕ ሲ ነው የሚሞላው። ያለ ቻርጀር ስለገዛሁት ቀነስ ብሎልኛል። ቤት ደግሞ የሞተ ላፕቶፔ ቻርጀር ነበር፤ ጫፉ ክብ፣ 19.5 ቮልት፣ ምንም ያልሆነ። መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ልጁ አውራ ጣት የምታክል ነገር አወጣልኝ። በአንድ በኩል ክቡን ጫፍ ትቀበላለች፣ በሌላው በኩል ታይፕ ሲ ሆና ትወጣለች። «እናቴ፣ አዲስ ቻርጀር ለምን ትገዣለሽ? ይቺ ትበቃሻለች።» 500 አለ፣ 400 ላይ ተስማማን። እየሳቅኩ ወጣሁ።

ላፕቶፑ ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ሠራች። አንድ ማታ የልጄ ታብሌት ባትሪው አለቀ። የሱን ቻርጀር ማን ይፈልግ? «ያው ታይፕ ሲ አይደል» ብዬ ሰካሁለት። ጭስም ድምፅም የለም። ስክሪኑ አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቻርጀር አልነሳም አለ።

ጠጋኙ ጀርባውን ከፍቶ በማጉያ መነጽር አሳየኝ። ከመሰኪያው አጠገብ ከምስር ፍሬ የምታንስ ጥቁር ቺፕ አለች፤ መሃሏ ተሰንጥቋል። «በምንድን ነው የሞላሽው፣ እህቴ?» አለኝ። ያቺን ነገር ከቦርሳዬ አወጣሁ። ታይፕ ሲ የሚሰካባት ትንሽ መለኪያ አለችው። ከሌላ ከምንም ዕቃ ጋር ሳያገናኛት ለካ። 19.4 አለ። «ማንም ሳይጠይቀው ታይፕ ሲ ላይ 19 ቮልት መቆም የለበትም» አለኝ፤ ሌላ አስተያየት አልሰጠም። ጥገናው 3,800 ብር። የ400 ብሯ ዕቃ 4,200 ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደህና የታይፕ ሲ ቻርጀር መጀመሪያ ሲሰካ የሚሰጠው 5 ቮልት ብቻ ነው። ከዚያ ከዕቃው ጋር ይነጋገራሉ። ቻርጀሩ «5፣ 9፣ 15፣ 20 አለኝ» ይላል፤ ዕቃው የሚችለውን ይመርጣል። ታብሌት አብዛኛውን ጊዜ 9 ይበቃዋል፣ ላፕቶፕ 20 ይፈልጋል። ይሄ ንግግር ፓወር ዴሊቨሪ ይባላል፣ ባጭሩ ፒዲ። ያቺ የ400 ብር ዕቃ ንግግር የሚባል አታውቅም። እንግዳው ገና ሳይቀመጥ በግድ አጉርሳ የምታንቅ ባለቤት ናት። ውስጧ ቺፕ ያለው ደህና መቀየሪያ የለም አልልም፤ አለ። ግን ሱቅ ውስጥ በዓይን አይለይም፤ ሻጩም አያውቀውም። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ከክብ ወደ ታይፕ ሲ የምትቀይር ነገር በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ወደ ሁለተኛው ስህተቴ። ከዚያ በኋላ «በቃ፣ ሙሉ ቻርጀር ልግዛ» አልኩ፤ ግን እጄ አልፈታ አለኝና የ1,300 ብሩን ኮፒ አነሳሁ። ፊቱ ላይ በወርቃማ ቀለም «65 ዋት» ተጽፎበታል። ቤት ገብቼ ስሰካው ላፕቶፑ እንዳላየ ሆነ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባውን ያነበብኩት። በደቃቅ ጽሑፍ 5 ቮልት 3 አምፔር፣ 9 ቮልት 2 አምፔር፣ 12 ቮልት 1.5 አምፔር ይላል። ቮልቱን በአምፔሩ አባዙት፤ ዋቱን ይሰጣችኋል። 15፣ 18፣ 18። ከ18 ዋት አያልፍም ማለት ነው። 65ቱ ጌጥ ነው።

እዚህ ጋ ቆም በሉ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይሄ ነው። የቻርጀር ጀርባ ላይ «ውፅዓት» የሚለው መስመር አለ፤ በእንግሊዝኛ Output ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ ከ«ግብዓት» (Input) ቀጥሎ። እዚያ ላይ 20 ቮልት የሚል ከሌለ ለላፕቶፕ ብላችሁ አትግዙት። የ65 ዋት ቻርጀር «20 ቮልት 3.25 አምፔር» ይላል። የ45 ዋቱ 2.25 ይላል። ሁለቱን ቁጥር አባዝታችሁ ፊት ለፊት ከተጻፈው ዋት ጋር ካልገጠመ ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ።

እኔ ግን አልወጣሁም። ተመልሼ ሄድኩና 200 ብር ጨምሬ 20 ቮልት በሚል ሌላ ኮፒ አስቀየርኩት። አራት ወር ሠራ። በእጅ ሲያነሱት እንደ ባዶ ክብሪት ቀፎ ይቀላል፤ ሲሠራ ግን እጅ አያስነካም። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ጧ አለና ማከፋፈያውን ይዞ ሄደ። እስቲ ደምሩት፦ 400፣ 3,800፣ 1,300፣ 200። 5,700 ብር አውጥቼ ቻርጀር የለኝም። መጀመሪያ ቀን «ውድ ነው» ብዬ ያለፍኩት ቻርጀር 5,800 ነበር።

አሁን የምጠቀመው ያንን ነው። የዩግሪን 65 ዋት ነው፤ አንከር ብትገዙም አልቃወምም። ጋን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጋሊየም ናይትራይድ ከሚሉት ነገር የተሠራ ስለሆነ ይሄ ስም ወጣለት። ጋን ስላችሁ የጠላውን እንዳታስቡ፤ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ሁለት የታይፕ ሲ ቀዳዳ፣ አንድ የድሮው ሰፊ ቀዳዳ አለው። ይሞቃል፤ ግን እጅ ያስነካል። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ላፕቶፑን፣ የልጄን ታብሌትና ስልኬን ይዞ ይውላል። 5,800ን ለሦስት አካፍሉት። አያችሁ? እኔ ይሄን ሒሳብ የሠራሁት ዘግይቼ ነው።

ነቀፌታም አለኝ። 65 ዋቱ የጠቅላላው ነው። ላፕቶፑ ላይ ስልክ ሲጨመር ለላፕቶፑ 45 ይቀረዋል። በዚያ ላይ ስልኩን በሰካሁ ቁጥር ላፕቶፑ ለአንድ ሰከንድ ይቋረጥና እንደገና ይጀምራል፤ ንግግሩን ከመጀመሪያ ስለሚጀምሩ ነው። የላፕቶፕ ባትሪያችሁ የሞተ ከሆነ ያቺ አንድ ሰከንድ ሥራችሁን ታጠፋዋለች። አንዴ ደርሶብኛል፤ ወር መጨረሻ ላይ።

«100 ዋት ብገዛ ላፕቶፔን አያቃጥለውም?» ለሚሉኝ፦ አያቃጥለውም። የሚስበው ላፕቶፑ ነው። ከሮቶ ውኃ ስለተቀዳ ብርጭቆ አይፈነዳም። ችግሩ በተቃራኒው ነው፤ ዋቱ ሲያንስ ወይ ቀስ ይላል፣ ወይ እየሠራችሁ ባትሪው ይወርዳል።

5,800 የማይታሰብ ከሆነስ? እውነት ነው፣ ብዙ ብር ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ እነዚህ ዕቃዎች ከዶላሩ ጋር ነው የሚወጡት፤ እናንተ ስታነቡት የኔም ዋጋ አርጅቶ ይሆናል። ያኔ ሁለተኛ ምርጫዬ ያገለገለ ኦሪጅናል ነው፤ ከላፕቶፑ ጋር ከውጭ የመጣው ራሱ። 2,600 አካባቢ ሲሸጥ አይቻለሁ። ከባድ ነው፣ ያስቀይማል፣ ግን ይሠራል። ከኮፒው ሺህ ጊዜ ይሻላል። አንድ ጣጣ አለው፤ የብዙዎቹ ገመድ ከራሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አንገቱ ላይ ሲበጠስ ማስቀጠል አለባችሁ። ስታስቀጥሉ ጠጋኙን ተቆጣጠሩት። ውስጡ ከቀይና ጥቁሩ ሌላ ቀጭን ሽቦ አለች፤ ንግግሩ የሚያልፈው በሷ ነው። «ይቺ አታስፈልግም» ብሎ ቆርጦ ከጣላት ቻርጀሩ ሳይቃጠል ሞተ ማለት ነው። ለጓደኛዬ እንዲህ ተሠርቶላት 300 ብር ከፍላለች።

የስልክ ቻርጀር ለታብሌት ደህና ነው። አይፓድ እንኳ በ20 ዋት ነው የሚሞላው። ለላፕቶፕ ግን አትድከሙ። «የስልኬ ቻርጀር 67 ዋት ነው» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ልክ ነው፤ ግን ከራሱ ስልክ ጋር ብቻ በሚግባባበት ቋንቋ ነው 67 የሚሰጠው። ቀዳዳው ሰፊው፣ የድሮው ዓይነት ከሆነ ላፕቶፕ ያበላል ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ።

ላፕቶፓችሁ ክብ ቀዳዳ ብቻ ካለው ደግሞ ታይፕ ሲ ውስጥ አትግቡ። ከታይፕ ሲ ወደ ክብ የሚቀይር ጫፍ ይሸጣል። ዴልና ኤችፒ ላይ ግን ክቡ ጫፍ መሃል ያለችው ቀጭን ፒን ቻርጀሩን የምትለየው ናት። እሷ ካልመለሰች ዴል «ቻርጀሩን አላወቅኩትም» ብሎ ባትሪውን አይሞላም። ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም በለጥ ያለ ያገለገለ ኦሪጅናል ፈልጉና ተገላገሉ። ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያላችሁም ብትሆኑ ከመግዛታችሁ በፊት አጠገቡ የሶኬት ወይም የመብረቅ ምልክት መኖሩን እዩ። አንዳንዱ ፋይል ማስተላለፊያ ብቻ ነው።

ገመዱን ረስቼው። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባል የለ? እዚህ ጠጠሩ ገመዱ ነው። ተራ የታይፕ ሲ ገመድ 3 አምፔር ያሳልፋል፤ በ20 ቮልት 60 ዋት ነው። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ 5 አምፔር የሚል፣ ውስጡ ቺፕ ያለው ገመድ ያስፈልጋል። ለ65 ዋት ቻርጀር 60 ዋት ገመድ በቂ ነው፤ አምስቷ ዋት አታስለቅስም። ባለ 100 ዋት ቻርጀር ገዝቶ በ150 ብር ገመድ «አይሠራም» የሚለኝ ሰው ግን ያናድደኛል።

ዘመድ ከውጭ ይዞ ይምጣልኝ ለምትሉ፣ የዋጋ ልዩነቱ ስለሚያዋጣ እኔም እደግፋለሁ። ግን እግሩን ንገሩት። ከዱባይ ሦስት ወፍራም እግር ያለው ይመጣል፣ ከአሜሪካ ሁለት ጠፍጣፋ። ሁለቱም እኛ ግድግዳ ላይ በመቀየሪያ ነው የሚሰካው፤ እሱ ደግሞ ይላላና ብልጭ ብልጭ ይላል። ከጣሊያን ወይም ከጀርመን የመጣ ባለ ሁለት ክብ እግር በቀጥታ ይገባል። ወይም ገመዱ የሚነቀል፣ እንደ ድሮ ቴፕ ባለ ሁለት ቀዳዳ የሆነውን አስመጡና ገመዱን እዚህ ግዙ። ግብዓቱ «100–240» ካለ የኛን 220 አይፈራም። ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ከአውሮፓ የሚላክላችሁ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ቻርጀር መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ታይፕ ሲ ለስልክና ለታብሌት ከዲሴምበር 28፣ 2024፣ ለላፕቶፕ ከኤፕሪል 28፣ 2026 ጀምሮ ግዴታ ነው። ሕጉ ገዢው ያለ ቻርጀር እንዲገዛም ይፈቅዳል። አጎታችሁ ለመቆጠብ ብሎ ያለ ቻርጀሩ ሊገዛው ይችላል።

ሱቅ ስትሄዱ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባትሪው ከግማሽ በታች ይሁን። ሰክታችሁ ሩብ ሰዓት ቆዩ። ሻጩ ይሰለቻል፤ ይሰልች። ራሱን ዳብሱት፣ ጫፉን ነቅነቅ አድርጉ፣ ስልክ ጨምሩበት። ደረሰኙ ላይ «በሳምንት ውስጥ ይቀየራል» ብሎ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ኮፒ የሚሸጥ አይጽፍም።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያው በመርካቶው ሱቅ በኩል አለፍኩ። አውራ ጣት የምታክለው ዕቃ መደርደሪያው ላይ በመስመር ተደርድራለች። ልጁ አላስታወሰኝም። «ስንት ናት?» አልኩት።

650 ገብታለች።