ሦስት ሌሊት በሙሽሮች ክፍል፣ ብቻዬን

የማረፊያ ቤቱን ስም አልጽፍም። ባለቤቷ "ክፍሉ ሦስት ነው፤ ስልክ የማነሳውም አንሶላ የማጥበውም እኔው ነኝ፤ አደራ ልጄ፣ ሰው እንዳታበዢብኝ" ብለውኛል። ሐረር ጁገል ውስጥ ነው፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፤ ከፈረስ መጋላ አደባባይ በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። እዚያ ደርሳችሁ ሰፈሩን ብትጠይቁ የሚያሳያችሁ አይጠፋም።

ከከተማ ከተማ እየዞርኩ፣ እየቀረጽኩና እየጻፍኩ መኖር ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ለሚያየኝ ሽርሽር ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ሁለት ሰዓት ቀርጬ የቀረውን ቀን ሶኬት ስፈልግ የምውል ሰው ነኝ። አርባ ምንጭ ሲባል ቀድሞ የሚመጣልኝ ጫሞ ሐይቅ ሳይሆን፣ በደረቴ ተኝቼ አልጋ ስር ያገኘሁት ሶኬት ነው። በነፃ ደግሞ አላድርም። "እደሪና ስለኛ ጻፊ" የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አንዴ እሺ ብዬ እርጥብ ፍራሽ ላይ አድሬ ጠዋት "ምቹ ነው" ብዬ ጽፌያለሁ። እስካሁን ያሳፍረኛል። እዚህ ቁርስን ጨምሮ ለአንድ ሌሊት 1,500 ብር ከፍያለሁ።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው የሄድኩት፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። አዳማ ድረስ በፍጥነት መንገዱ እንቅልፍ ይወስዳችኋል፤ ከአዋሽ በኋላ ሙቀቱ ይቀሰቅሳችኋል። ሚኤሶን አልፈን የጨርጨርን ተራራ ስንወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ አሰበ ተፈሪ፣ ሒርና፣ ጨለንቆ፣ ቁልቢ። አወዳይ ስትደርሱ የጫቱ ግርግር ራሱ ይነግራችኋል። ጨለንቆን በመስኮት አይቼው አለፍኩ፣ ብዙም ልብ አላልኩትም።

ቤቱ ስገባ ግን ትዝ አለኝ። የሐረሪዎቹ ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋር የሚሉት፣ ዋናው ክፍል ከወለሉ ከፍ ከፍ ያሉ መቀመጫዎች አሉት። ነደባ ይሏቸዋል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ደንብ አለው። ወለሉም መደቡም በቀይ አፈር የተለቀለቀ ነው። ለምን ቀይ እንደሆነ ስጠይቅ እማማ (ባለቤቷን እንዲህ ነው የምጠራቸው) "በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል" አሉኝ። በ1879 ዓ.ም. የአሚር አብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር የተሸነፈበት ጨለንቆ ማለታቸው ነው። ከሦስት ሰዓት በፊት በመስኮት እያየሁ ያለፍኩት ከተማ ወለሉ ላይ ጠበቀኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። ፎቶ ላይ ያምራል፣ ያው ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝና ልመንበት። ከበሩ በላይ አንድ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተሰቅሎ አየሁ። አንብቤ ነበር፤ ቤቱ ያላገባች ልጅ አለች ማለት ነው። "እማማ፣ ልጅዎ የት አለች?" ስላቸው ሳቁብኝ። "ኧረ እሷ አግብታ ድሬዳዋ ነች፤ ሁለት ልጅ አላት። ፈረንጆቹ ሁልጊዜ ስለሚጠይቁ ነው የሰቀልኩት።" ከዚያ ከእግር እስከ ራሴ አይተው "አንቺስ አግብተሻል?" አሉኝ። አላገባሁም አልኳቸው። "እንግዲያው አንቺ እስካለሽ ድረስ ውሸት አይደለም።"

ያደርኩበትም ክፍል ኪርታት ነው፤ ድሮ አዲስ ሙሽሮች ለመጀመሪያው ሳምንት የሚዘጉበት ጠባብ ክፍል። ከላፕቶፕ፣ ከሁለት ፓወር ባንክና ከኮተቴ ጋር ተዘጋሁበት። አንድ ሶኬት አለ፣ እሱም ከአልጋው ተቃራኒ ጥግ፤ የራሴን ማከፋፈያ ባልይዝ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር። ኔትወርክ የለም። የድንጋዩ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ቀን ቀዝቀዝ ይላል፣ ሲግናሉን ግን አያስገባም። ለሥራዬ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ የመጀመሪያው ቀን ቪዲዮ ጭነቱ ከግማሽ አላለፈም።

ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው። ይሄን እሳቸው ላይ አላላክክም፤ ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ሐረር የምትጠጣው ከሩቅ የሚመጣ ውሃ ነው። ቅሬታዬ ስመጣ ስላልነገሩኝ ነው። ሁለተኛው ቀን ማለዳ ፀጉሬን በሳሙና አረፋ ሞልቼ ቧንቧው አስልቶ ዝም አለ። ጮኼ ስጠራቸው በባልዲ ይዘው መጡና እንደ ልጅ ጎንበስ አድርገው ራሳቸው አጠቡኝ። የትኛውም ሆቴል ይህ አልገጠመኝም። ባልዲው ግን ሲጀመር ክፍሉ ውስጥ መኖር ነበረበት።

ማታ ማታ ቪዲዮ ለመጫን ጣሪያ ላይ እወጣ ነበር፤ እዚያ ኔትወርኩ ይሠራል። ከግንቡ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ጅቦቹ ወደ ከተማው ይገባሉ። አንዱ ከሥሬ ባለው ጠባብ መንገድ ሲያልፍ ጥፍሩ ድንጋዩ ላይ ሲጭር ሰማሁ፤ ቆሻሻ አሸተተና ሄደ። ከግንቡ ውጭ ለጎብኚ የሚመገቡትን በሌላ ጊዜ ቀርጫለሁ፤ ይሄኛውን ስልኬ እጄ ላይ ሆኖ እንኳ አልቀረጽኩትም። እማማ በብርጭቆ ሆጃ ይዘው ወጡ፣ ከቡና ገለፈት በወተት የፈላውን። "ያልቅልሻል ወይስ ያድራል?" አሉኝ። 71 በመቶ ይል ነበር። አብረን ቁጭ ብለን ቁጥሩን ጠበቅን።

ቁርሱ ያለ ክርክር ከአምስት አምስት ነው፤ እንቁላል የተደረገበት ፈጢራ ከነማሩ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሁልበት መረቅ፣ የአብሹ መራርነት አፍ ላይ የሚቆይ። ለእንቅልፍ አራት፣ ለሥራ ሁለት። እማማ አይቸኩሉም፣ አያታልሉም፣ ሲጠየቁም አይደብቁም። ባልዲ አስቀምጡ ብያቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል።

የምትሄዱ ከሆነ ጥሬ ብር ያዙ፣ ካርድ የለም። በሐረሪዎቹ በዓል፣ በሹዋሊድ ሰሞን አትሞክሩት፤ በዓሉ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህማ ጁገል ውስጥ አልጋ ማግኘት ዘበት ነው። ላፕቶፕ ይዛችሁ የምትሠሩ ከሆነ ክፍሉን ሳይሆን ጣሪያውን ነው የምትከራዩት።

በሦስተኛው ቀን ቦርሳዬን አዝዬ ስወጣ እማማ በርጩማ ላይ ቆመው ምንጣፉን አውርደው አቧራውን እያራገፉ ነበር። ይተዉታል ብዬ ነበር። መልሰው ሰቀሉት። "ማታ ፈረንጆች ይገባሉ" አሉኝ።