የጤፍ ሥዕል አይታችሁ አትግዙ፤ ጀርባውን አንብቡ

ወገኖቼ፣ በተለይ እንደኔ ሴሊያክ የሚባል የአንጀት በሽታ ያለበት ልጅ የምታሳድጉ የባህር ዳር እናቶችና አባቶች፣ እባካችሁ ይሄን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። «የጤፍ ብስኩት» ተብሎ የሚሸጥ ነገር ገዝቼ ልጄ ታማብኛለች። እናንተ እንዳትገዙ ነው የምጽፈው።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። በሽታዋ ከመታወቁ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ተንከራተናል። ሆዷ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፣ ምግብ አይረጋላትም። አንዴ አሜባ ነው፣ አንዴ ጃርዲያ ነው፣ አንዴ የሆድ ትል ነው እየተባለ መድኃኒት ስትውጥ ከረመች። ደሟ አነሰ። እኩዮቿ ሲመዘዙ እሷ ባለችበት ቀረች። በመጨረሻ የደም ምርመራና ኢንዶስኮፒ ተደርጎላት ሴሊያክ መሆኑ ታወቀ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሆዷ ሲገባ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ተነሥቶ ትንሹን አንጀቷን ያጠቃዋል። ምግብ የሚመጠው የአንጀቷ ሽፋን ይጎዳል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ግሉተንን ዕድሜ ልክ ጨርሶ መተው ነው ያለው። ሲተው ግን አንጀት ያገግማል። የኔዋም ከተወች ወዲህ ጉንጯ ሞላ፣ የዓምና ቀሚሷ አጠራት።

በነገራችን ላይ፣ በልጁ ወይም በራሱ ላይ ሴሊያክ የሚጠረጥር ሰው ካለ፣ ሳይመረመር ስንዴ አያቁም። አስቀድሞ ካቆመ ምርመራው በሽታውን ላያሳይ ይችላል።

ወደ ብስኩቱ ልመለስ። ትምህርት ቤት የጓደኛዋ ልደት ነበር። ሌሎቹ ኬክ ሲበሉ እሷ እጇን አጣጥፋ እንዳትቀመጥ የራሷ የሆነ ነገር ላስይዛት ፈለግሁ። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁና አረንጓዴ ማሸጊያ አየሁ። የጤፍ ዘለላ ተሥሎበታል። በትልቁ «የጤፍ ብስኩት» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «ጤፍ በተፈጥሮው ከግሉተን ነፃ ነው»። ዋጋው የተራው ብስኩት ሦስት እጥፍ ነው። ለልጄ ከሆነ ብዬ አልተከራከርኩም፤ ሁለት ገዛሁ። ጀርባውን ገልብጬ አይቻለሁ። የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። ያንን ወረቀት ያኔውኑ አለመላጤ እስካሁን ይቆጨኛል።

አራት ፍሬ ነው የበላችው። ሌሊት ሆዷን ይዛ ተነሣች። አስመለሳት። ከዚያ ተቅማጡ መጣ። «እማዬ፣ ያ የድሮው ሕመም ነው» አለችኝ። ያንን ስትለኝ ሆዴ ተላወሰ።

ሲነጋ የዋጋውን ወረቀት በጥፍሬ ቀስ እያልኩ ላጥኩት። ከሥሩ በጣም በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የአትክልት ዘይት፣ የጤፍ ዱቄት፣ ጨው። ጤፉ አራተኛ ነው! የታሸገ ምግብ ላይ የሚጻፈው ዝርዝር በመጠን ቅደም ተከተል ነው፤ ከሁሉም የበዛው መጀመሪያ ይጻፋል። ስለዚህ እኔ በሦስት እጥፍ ዋጋ የገዛሁት ጤፍ ነካ ያደረገው የስንዴ ብስኩት ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም ማለታቸው ልክ ነው። ግን ያ ዓረፍተ ነገር ብስኩቱ ላይ ምን ይሠራል? ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ካልሆነ ለማን ተጻፈ?

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። የሱቁ ልጅ «እታለም፣ ላዩ ላይ ጤፍ ይላል እኮ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ተከፍቷል ተብሎ ብሬም አልተመለሰም። በሱቁ ልጅ ብዙም አልፈርድም፤ የዋጋውን ወረቀት ባዶ ቦታ ያገኘ መስሎት ነው የለጠፈው። እኔ የምፈርደው ያንን ማሸጊያ አስቦበት ባሠራው ላይ ነው።

ስለዚህ የዋጋ ወረቀት ዝርዝሩን ከሸፈነው፣ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ላጡት። አይላጥም ካላችሁ ትታችሁ ውጡ። ከነገሩ ጦም እደሩ ነው። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ማሸጊያውንም አትጣሉ። የኔን ከነወረቀቱ አስቀምጬዋለሁ፤ ለሚመለከተው አካል አቤት ልል ነው።

«ግሉተን የለሽ» የሚል ጽሑፍ ትርጉም አለው። ኮዴክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መስፈርት እንዲህ ለመባል በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። አንድ ቁራጭ ዳቦ ብቻውን 2 ግራም ገደማ ግሉተን ሊይዝ ይችላል፤ ይህ 2,000 ሚሊ ግራም ማለት ነው። «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች» ለሚሉን ዘመዶች ይሄን ቁጥር ንገሯቸው። «በሞቴ» እያሉ የሚያጎርሱት ከፍቅር ነው፤ አንጀቷ ግን ያንን አያውቅም።

«ስንዴ የለውም» የሚለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ስንዴ ሳይኖረው ገብስ ሊኖረው ይችላል። እዚህ ላይ ዋናው መደበቂያ ብቅል ነው። የበቆሎ ኮርንፍሌክስ ስታዩ በቆሎ ነው ብላችሁ አትዝናኑ፤ ብዙዎቹ የሚጣፍጡት በገብስ ብቅል ነው። አልኮል የለውም የሚባለው የማልት መጠጥም ያው ገብስ ነው። ከውጭ የመጣ ዕቃ ላይ «ዊት» (ስንዴ)፣ «ባርሊ» (ገብስ)፣ «ራይ» (ግሉተን ያለው ሌላ እህል)፣ «ማልት» (ብቅል) የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ፈልጉ። ጽሑፉ በዐረብኛ ብቻ ከሆነ የሚያነብ ጎረቤት አሳዩ፤ ስንዴ «ቀምሕ»፣ ገብስ «ሸዒር» ነው። ሰሞሊናና ኩስኩስም ስንዴ ናቸው፤ ስማቸው አያታልላችሁ። ዝርዝር ላይ የምታገኙት ማልቶዴክስትሪን ግን ስሙ ማልትን ስለሚመስል ያስፈራል እንጂ ብቅል አይደለም።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የአኩሪ አተር ሶስ ነው። አብዛኛው የሚሠራው ከስንዴ ጋር ነው። የሾርባ ኪዩብ፣ የፓኬት ሾርባ፣ ሞርታዴላ፣ በጾም የሚሸጠው ሥጋ መሳይ ነገር፣ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ እያነበባችሁ ግዙ። አጃ ራሱ ስንዴ ባይሆንም በእርሻና በወፍጮ ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚቀላቀል፣ ግሉተን የለሽ ተብሎ ካልተለየ ይቅርባችሁ።

ጣና ዳር አሳ ስትበሉም ጠይቁ። ቆሮሶው ንጹህ ነው፤ ግን ከመጠበሱ በፊት ዱቄት ይነሰነስበታል ወይ? ዘይቱስ ሳምቡሳ ወይ ቦምቦሊኖ ተጠብሶበታል? እኛ አሁን ቤታችን ነው የምንጠብሰው።

እንጀራም ያው ነው። የሱቅ እንጀራ ጤፍ ብቻ ነው ብላችሁ አትመኑ። በኛ አካባቢ የፎገራ ሩዝ ወይም ዳጉሳ ቢቀላቀልበት ለሴሊያክ ችግር የለውም፤ ጭንቁ ገብስና ስንዴ ሲገባበት ነው፣ በዓይን ደግሞ አይለይም። ለዚህ ብዬ ጤፉን ራሴ ገዝቼ፣ ነፍቼ፣ አስፈጫለሁ። እዚያም ሌላ ጣጣ አለ። ከእኔ በፊት ስንዴ የተፈጨበት ወፍጮ ድንጋዩ ላይ ዱቄት ይቀራል። መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ጤፍ አስፈጭቼ ለጎረቤት እሰጣለሁ፣ ከዚያ የልጄን አስፈጫለሁ። ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠራውም።

ባህር ዳር ውስጥ ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ቤት የምታውቁ ካላችሁ፣ በልጄ ይዣችኋለሁ፣ ንገሩኝ።