ቀን በጎደለ ማግስት፦ ስለ አንድ የስፖርት መከታተያ መተግበሪያ

ስፖርት መጀመር አስቸግሮኝ አያውቅም፤ የሚያስቸግረኝ መቀጠሉ ነው። ላለፉት 8 ወራት በስልኬ ላይ ጭኜ የተጠቀምኩበት የስፖርት መከታተያ መተግበሪያ ይህንኑ ችግር እንደሚፈታ ቃል የሚገባ በመሆኑ፣ የምመዝነውም በዚሁ ነው። የቪዲዮዎቹን ብዛትና የገጹን ውበት ለሌላ ሰው ትቼ፣ ሰውን የአንድ ሰሞን ስፖርተኛ ከመሆን ያድነዋል ወይ የሚለውን ብቻ እመለከታለሁ።

አጀማመሩ ድንቅ ነው። መተግበሪያው ገና ሲከፈት ስንት ኪሎ መቀነስ እንደምንፈልግ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መቼ፣ የት እና ከየትኛው የዘወትር ተግባር ቀጥለን እንደምንሠራ ነው። እኔም «ጠዋት ፊቴን ከታጠብኩ በኋላ፣ ሳሎን ውስጥ፣ 15 ደቂቃ» ብዬ ሞላሁ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም፣ ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው፤ «ስፖርት እሠራለሁ» የሚል ምኞትና «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በ248 ተማሪዎች ላይ በታተመ ጥናት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ወስነው ከጻፉት መካከል 91 በመቶው በሳምንቱ ስፖርት ሲሠሩ፣ ስለ ስፖርት ጥቅም መቀስቀሻ ብቻ ካነበቡት ግን የሠሩት 35 በመቶው ነበሩ። ቁጥሩ ተማሪዎቹ ስለ ራሳቸው በተናገሩት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ እንዳለ መቀበል ባይገባም፣ በእኔ በኩል ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ልሥራ ወይስ ልተው?» የሚለው ሙግት በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀርቶልኛል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው መተግበሪያው «በ21 ቀን ልማድ ይሆናል» ብሎ ተስፋ ሲሰጥ ነው። ይህ አባባል የሚያያዘው አንድ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ካሰፈረው ትዝብት ጋር ሲሆን፣ ትዝብቱም ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመላመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል ይወስድባቸዋል የሚል እንጂ ስለ ስፖርት የተነገረ አልነበረም። የልማድ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ተከታትለው ባገኙት ውጤት መሠረት፣ አንድ ተግባር ሳይታሰብበት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን ድረስ የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ሲሆን፣ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር። የአካል እንቅስቃሴም እንደ ውኃ መጠጣት ካለ ቀላል ልማድ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ወስዷል። በ22ኛው ቀን ሰውነቴ እንደ መጀመሪያው ቀን እየከበደኝ ስነሣ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጥፋቱ የተስፋው ኖሯል።

ከሁሉም የከፋው ግን ተከታታይ ቀናትን የሚቆጥረው ሰንሰለት ነው። በ43ኛው ቀን ትኩሳት ይዞኝ አልጋ ላይ ዋልኩ። በማግስቱ ስልኬን ስከፍት ገጹን የሞላ ዜሮ ጠበቀኝ፤ ከሥሩም «ሰንሰለትህ ተበጥሷል» የሚል ጽሑፍ ነበር። የ42 ቀን ልፋት ከሰውነቴ በአንድ ሌሊት እንደማይጠፋ ባውቅም፣ ያቺ ዜሮ ሁሉ ነገር ከንቱ እንደቀረ አድርጋ ስላሳየችኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ መተግበሪያውን አልከፈትኩትም። አለን ማርላት የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ መጠጥ ለማቆም በሚታገሉ ሰዎች ላይ ያስተዋለው ይህን የመሰለ ነገር ነበር፤ አንድ ጊዜ የተሰናከለ ሰው መሰናክሉን በዕለቱ ሁኔታ ሳይሆን በራሱ ደካማነት ሲያሳብብ፣ «አንዴ ፈርሷል» ብሎ ጨርሶ ይለቀዋል። የላሊ ጥናት ደግሞ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን ሂደት ያን ያህል እንዳልጎዳው አሳይቷል። ስለዚህ መተግበሪያው የሚቀጣው፣ በራሱ ብዙም ጉዳት የሌለውን ነገር ነው።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል፣ የሰው ባሕርይ ተመራማሪዋ ኬቲ ሚልክማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ከ61,000 በላይ የጂም አባላት በተሳተፉበት ሙከራ፣ ከ54 ልዩ ልዩ ዘዴዎች መካከል የተሻለ ውጤት ያሳየው፣ ቀጠሮውን አሳልፎ ለተመለሰ ሰው ጥቂት ተጨማሪ ሽልማት የሚሰጠው ነበር። የእኔ መተግበሪያ ለተመለሰ ሰው የሚሰጠው ነገር የለም፤ ሜዳሊያዎቹ ሁሉ ላልጎደለ ሰው የተዘጋጁ ናቸው። (ስለ ሜዳሊያዎቹ ብዙ አልልም፤ ሦስተኛውን ካገኘሁ ወዲህ አይቻቸውም አላውቅ።)

በአምስተኛው ወር ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ስፈልግ፣ ሰንሰለቱን መደበቅና በምትኩ የሳምንቱን ድምር ደቂቃ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማውጣት እንደሚቻል አገኘሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዋቂዎች ያወጣው ምክርም በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚል እንጂ «በየቀኑ ሳይቋረጥ» የሚል አይደለም። እንዲህ ያለ ጠቃሚ ነገር አራት ገጽ ወደ ውስጥ ተቀብሮ መገኘቱ ያሳዝናል። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ቢያመልጠኝ ሐሙስ 30 ደቂቃ እሠራለሁ፤ ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ አራት አራት ቀን ቢጎድልብኝም፣ ሁለቱንም ጊዜ በአምስተኛው ቀን ፊቴን ታጥቤ ሳሎን ውስጥ ተገኝቻለሁ።