ደሴና ኮምቦልቻን በካርታ መከታተል፦ የጊዜ ንብርብር ወይስ የክስተት መዝገብ?

በጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ካርታ ላይ በሚያደራጅ ሥርዓት) የመሬትን ለውጥ ለማሳየት የተለመደው መንገድ የተለያዩ ዓመታት ምስሎችን እንደ ንብርብር ደርድሮ ማነጻጸር ሲሆን፣ ሁለተኛው እያንዳንዱን ለውጥ ከነቦታውና ከነጊዜው እንደ ክስተት መመዝገብ ነው።

ለኮምቦልቻ መስፋፋት የመጀመሪያው ይበቃል፤ የላንድሳት ሳተላይት በ30 ሜትር ፒክስል (አንዱ የምስል ነጥብ 30 በ30 ሜትር መሬት የሚሸፍን) በየ16 ቀኑ ስለሚመለስ፣ እርሻ ወደ ፋብሪካና መኖሪያ ሲቀየር በግልጽ ይታያል።

በጦሳ ተራራ ግርጌ ላለችው ደሴ ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቁልቁለቱ የሚንሸራተተው በአብዛኛው በክረምት ዝናብ በመሆኑና ያን ጊዜ ደመናው ምስሉን ስለሚሸፍነው፣ የጥቅምት ንብርብር መሬቱ መንሸራተቱን እንጂ መቼና ከየትኛው ዝናብ በኋላ እንደተንሸራተተ አይነግረንም፤ የክስተት መዝገብ ግን ቀኑን ከዝናብ ልኬት ጋር ያገናኘዋል። በእርግጥ ለዚህ በየሰፈሩ እየዞረ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል፤ ያውም በሐምሌ ጭቃ።