የኤክሴል ማክሮ ርዝመቱ በሚለዋወጥ ዳታ ላይ ሲፈተን

እ.ኤ.አ. በ1993 ከኤክሴል ጋር የተዋሐደውን የቪቢኤ ማክሮ (በቪቢኤ የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፎ የኤክሴልን ሥራ በራሱ የሚያከናውን ትእዛዝ) እዚህ የምገመግመው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የረድፉ ብዛት በየወሩ የሚለዋወጥ ዳታ ሲቀርብለት፣ የሚሠራበትን የሴል ክልል ራሱ ፈልጎ በማግኘት ብቃቱ።

አብዛኛው ተጠቃሚ በሪከርደሩ (የምናደርገውን እየተከተለ ወደ ማክሮ በሚቀይረው መሣሪያ) ይጀምራል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ከኤ2 እስከ ኤፍ120 ያለውን ክልል በማውስ መርጠን ብንቀዳ፣ ሪከርደሩ አድራሻውን እንዳለ ይጽፈዋል። በቀጣዩ ወር ዳታው 135ኛው ረድፍ ላይ ቢደርስም ማክሮው ያው 120ኛው ላይ ያቆማል። የስሕተት መልእክት አይወጣም፤ የ15 ረድፍ ዳታ ከድምሩ ይጎድላል እንጂ። ማክሮው ቢቋረጥ እንኳ ስሕተቱ ይታወቅ ነበርና፣ ይህን ዝምታ ከሁሉም የከፋ ጉድለት አድርጌ አየዋለሁ።

መፍትሔው የዳታውን ጫፍ የሚፈልገው «ኤንድ» የተባለው ትእዛዝ ነው፤ ሆኖም አቅጣጫው ወሳኝ ነው። ከላይ ወደ ታች ከላክነው መሀል ላይ ባዶ ሴል ሲያጋጥመው እዚያው ይቆማል፤ ከርዕሱ በታች ምንም ከሌለ ደግሞ እስከ ሺቱ ግርጌ፣ እስከ 1,048,576ኛው ረድፍ ድረስ ይወርዳል። ከግርጌ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው ያልተያዘ ሳይሆን የመጨረሻው የተያዘ ሴል ላይ ያርፋል። የግርጌውን ቁጥር በእጅ ከመጻፍ የሺቱን ረድፎች ብዛት በሚነግረው «ሮውስ ካውንት» መጠየቅ ይሻላል፤ በኤክሴል 2003 የፋይል ዓይነት ሺቱ 65,536 ረድፎች ብቻ አሉትና። የረድፉን ቁጥር የሚይዘው ተለዋዋጭም «ሎንግ» የተባለው የቁጥር ዓይነት መሆን አለበት፤ «ኢንቲጀር» የተባለው ዓይነት ከ32,767 በላይ አይችልም። መነሻ የሚሆነው አምድ ፈጽሞ ባዶ የማይተው፣ ለምሳሌ የመለያ ቁጥር ያለበት ቢሆን ይመረጣል።

በአንድ ሴል ዙሪያ ተያይዞ ያለውን ዳታ የሚወስደው «ከረንት ሪጅን» ለንጹሕ ዳታ ምቹ ቢሆንም ሙሉ ባዶ ረድፍ ሲያገኝ ያቆማል። በሺቱ ጥቅም ላይ የዋለውን ክልል ሁሉ የሚወስደው «ዩዝድ ሬንጅ» ደግሞ ቀለም ብቻ የተቀባን ባዶ ሴል ጭምር ስለሚቆጥር አላምነውም።

ከሁሉም የምመርጠው ዳታውን ወደ ኤክሴል ቴብል መቀየርን ነው። ከቴብሉ ሥር አዲስ ረድፍ ሲጻፍ ቴብሉ አብሮ ስለሚሰፋ፣ ማክሮው ቴብሉን በስሙ ጠርቶ «ዳታ ቦዲ ሬንጅ» የሚለውን (ከርዕሱ በታች ያለውን የዳታ) ክፍል መጠየቅ ብቻ ይበቃዋል፤ የመጨረሻውን ረድፍ ማፈላለጉም ይቀራል። ቴብሉ አንድም የዳታ ረድፍ ከሌለው ግን መልሱ «ናቲንግ» (ምንም የለም) ስለሚሆን፣ ማክሮው ከመቀጠሉ በፊት ይህን ማጣራት አለበት።

ክልሉ ከተገኘ በኋላ «ሰሌክት» ማድረግ (መምረጥ) በአብዛኛው አያስፈልግም። በወቅቱ ከፊታችን ባልተከፈተ ሺት ላይ ያለን ክልል ለመምረጥ መሞከር ስሕተት 1004ን ያስከትላል፤ ክልሉን ሳይመርጡ በቀጥታ መቅዳት፣ መደመር ወይም ማጽዳት ግን ይቻላል፤ ለዚህም ከ«ሬንጅ» ፊትም፣ በውስጡ ካለው ከእያንዳንዱ «ሴልስ» ፊትም የሺቱን ስም መጻፍ ያስፈልጋል።