የድሮ ቮልስ ካምፐር አልነሳ ሲል፦ ሪሌ፣ የታደሰ ሞተሪኖ ወይስ ባለ ማርሽ ሞተሪኖ?

ቁልፉ ሲዞር "ቀጭ" ብሎ ዝም የሚል ካምፐር ያለው ሰው ቶሎ የሚወስነው አዲስ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን የኤሌክትሪክ ሞተር) ለመግዛት ነው። ገንዘብ በብዛት የሚባክነውም እዚሁ ላይ ነው። ገበያ ላይ ያሉት ሦስቱ አማራጮች የሚፈቱት ችግር ለየቅል ነው። እዚህ የምንመለከተው እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1975 የተሠራውን ባለ 12 ቮልት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ እጅ ማርሽ የቮልስዋገን ኮምቢ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የሚሽከረከሩት የዚያ ዘመን ትንንሽ ቮልሶች ሞተሪኖም ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ምክሩ ለእነሱም ይሠራል።

በቅድሚያ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያዙ። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ጥፋቱ የባትሪው ነው። ካምፐር ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ለማቀዝቀዣውና ለመኖሪያው ክፍል የተለየውን ባትሪ ከሞተሩ ባትሪ የሚለየው ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ከተጣበቀ፣ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሁለቱንም ባትሪ ይጨርሳል።

ባትሪው ደህና ከሆነ ማርሹን ነጻ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ። የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ የሞተሪኖው አካል ላይ፣ ቀዩን ሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ተጭኖ ኤሌክትሪኩን የሚከፍትለት ክፍል) ላይ "50" የሚል ቁጥር ያለበት ቀጭን ሽቦ የሚገባበት ጫፍ ላይ አድርጉና ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ከ10 ቮልት በታች ካነበባችሁ ሞተሪኖው ንጹሕ ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት መንገድ ነው የታመመው።

ለዚህ ነው ሪሌ የሚገዛው። ቁልፉ ከፊት፣ ሞተሪኖው ከኋላ ነው፤ ያረጀ የቁልፍ ሶኬትና ረጅም ቀጭን ሽቦ በመሃል ቮልቱን ይበላሉ። በዚያ ላይ ሞተሪኖው ከጭስ ማውጫው አጠገብ ስለሚቀመጥ ይግላል፤ የመዳብ ጥምጥም ደግሞ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ተቃውሞው በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጠዋት በአንድ ቁልፍ የሚነሳው መኪና ነዳጅ ለመቅዳት ቆሞ እንቢ የሚለው ለዚህ ነው፤ ሲበርድ ይነሳል። መድኃኒቱ ተራ ባለ 12 ቮልት፣ 40 አምፔር ሪሌ ነው። ጫፎቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል፦ ከቁልፉ የሚመጣውን ሽቦ 86 ላይ፣ 85ን ከመኪናው አካል ጋር፣ 30ን በ30 አምፔር ፊውዝ አሳልፋችሁ በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር፣ 87ን በዚያው ውፍረት ከሶሌኖይዱ 50 ጋር አገናኙ። ከሦስቱ ርካሹ ይህ ነው፤ ምልክቱ ከገጠመ በሌላ አትጀምሩ።

50 ላይ በቂ ቮልት ደርሶም ካላዞረ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን የተጠለፈ የማሳ (የኔጋቲቭ) ሽቦ ፈትሹ። ቁልፉ ሲዞር በባትሪው ኔጋቲቭና በሞተሪኖው አካል መካከል ከ0.3 ቮልት በላይ ከታየ ዝገቱን ፍቃችሁ እሰሩት፣ ካልሆነም ቀይሩት።

ማሳው ደህና ሆኖ ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው ሲመቱት የሚነሳ ከሆነ ካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው) አልቋል። ከመኪናው ጋር የመጣውን የቦሽ ሞተሪኖ ማሳደስ የሚያዋጣው ያኔ ነው፤ አካሉ ጠንካራ ነው፣ ካርቦንና ሶሌኖይድ በቀላሉ ይገኛል። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ካምቢዮው ቤት ውስጥ የምትቀረውን የነሐስ ቡሽንግ (ዘንግ የሚዞርባት ቀለበት) ነው። የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚያርፈው እሷ ላይ ስለሆነ ካረጀች ዘንጉ ያዘነብላል፣ ጥርሱ ቮላኖውን (ሞተሩ ላይ ያለውን ባለ ጥርስ ከባድ ክብ ብረት) ይፍቃል፣ የታደሰውም ሞተሪኖ ተጣብቆ ይቆማል። ያደሰላችሁ ባለሙያ ቡሽንጓን ካልቀየረ ሥራው ግማሽ ነው።

ባለ ማርሹ አዲስ ሞተሪኖ ውዱ ነው። ትንሽ ፈጣን ሞተር በውስጥ ማርሽ ጉልበቱን ስለሚያበዛ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ሲያዞርም ይበረታል። ብዙዎቹ ዘንጋቸውን ራሳቸው ስለሚይዙ ቡሽንግ አይፈልጉም፤ ሻጩን ግን ይህን አረጋግጣችሁ ጠይቁት። ሞተሩ ተሠርቶ ኮምፕረሽኑ ለጨመረ ወይም ቡሽንጓ የምትቀመጥበት ቀዳዳ ለሰፋበት ካምፐር እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው። ቀጭኗ ሽቦ ከደከመች ግን እሱም እንደ አሮጌው "ቀጭ" ብሎ ይቀራል።

ከ1967 በፊት የነበረው ባለ 6 ቮልት ኮምቢ ካላችሁ የቮላኖውን ጥርስ ቁጠሩ፤ የ6 ቮልቱ 109፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው። ባለ 12 ቮልት ሞተሪኖ ባለ 109 ጥርስ ቮላኖ ላይ አይገጥምም።