የአሮጌ ሃይሉክስ ዲፈረንሻል፦ 3.73፣ 4.10፣ 4.30 ወይስ 4.56?

ባለ 3 ኤል ሞተር (2.8 ሊትር ናፍጣ) ሃይሉክስ፣ በተለይ ኤል ኤን 106 የሚባለው፣ ዕድሜው ቢገፋም ዛሬም ጭነት ላይ ነው። ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የዘንጉን ዙር ለጎማዎቹ የሚያስተላልፈው የጥርስ ስብስብ፣ ሲያልቅ ግን ባለቤቱ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገኘውን ያስገጥማል። ዋጋውን ይከራከራል፣ ሬሾውን አይጠይቅም። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። በፋብሪካው ልክ ጎማ፣ ማለትም በ205 አር 16 ለሚሄድ መኪና 4.10 ይበቃዋል። 265/70 አር 16 ለተገጠመለት 4.30 ልኩ ነው። ትልቅ ጎማም አድርጎ ደጋ ላይ ጭነት ለሚያበዛ 4.56 ይሻለዋል። 3.73 ግን ለጭነት መኪና በነፃ ቢገኝም አይወሰድ።

ሬሾ ማለት ጎማው አንዴ እስኪዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ የሚዞረው ዙር ነው። በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ክብ፣ ኮሮናው፣ 41፣ እሱን የሚያዞረው ትንሹ፣ ፒኞኑ፣ 10 ጥርስ ካለው 4.10 ነው፤ 43 በ10 ደግሞ 4.30፣ 41 በ9 ወደ 4.56፣ 41 በ11 ወደ 3.73 ይመጣል።

«ዙር የበዛበት ሞተር ቶሎ ያልቃል» የሚለው አባባል ውሸት አይደለም፤ ግን ልዩነቱን እንቁጠረው። 205 አር 16 ጎማ በአንድ ዙር ወደ 2.3 ሜትር ይሄዳል። ሞተሩና ዘንጉ እኩል በሚዞሩበት በ4ኛ ማርሽ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሞተሩ በ4.10 ወደ 1,780፣ በ4.56 ወደ 1,980፣ በ3.73 ደግሞ ወደ 1,620 ጊዜ ይዞራል። የ3 ኤል ፒስተን ሲወርድ 96፣ ሲወጣ 96 ሚሊ ሜትር ይጓዛልና በየኪሎ ሜትሩ የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ ሲሊንደሩን የሚፈትግበት ርቀት በ4.10 ወደ 342 ሜትር፣ በ4.56 ወደ 380 ሜትር ነው። ከ4.10 ወደ 4.56 ሲኬድ ፍትጊያው በ11 በመቶ ይጨምራል። ለሜዳ መንገድና ለባዶ መኪና ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው።

ዳገት ላይ ጭነት ሲኖር ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ይህ ሞተር ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ በ2,400 ዙር አካባቢ ነው። በ4.10 እና በ205 ጎማ፣ በ4ኛ ማርሽ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲኬድ ዙሩ 2,380 ገደማ ነው፤ ፋብሪካው ያለ ምክንያት አልመረጠውም። በዚያው ፍጥነት 3.73 ዙሩን ወደ 2,160 ያወርደዋል። 3.73 ላይ 265 ጎማ ከተጨመረበት ደግሞ ያንኑ ዳገት ለመውጣት ሞተሩ በ4.10 እና በ205 ጎማ ከነበረው ይልቅ ወደ 15 በመቶ የበለጠ መግፋት አለበት። ሾፌሩ ማርሽ ሳይቀንስ አፍኖ ከነዳው በየፍንዳታው የሚመጣው ግፊት ፒስተኑን በያዘው ክንድ፣ በቢየላው፣ ላይ ያርፋል። ዙሩ ዝቅ ባለ መጠን በሞተሩ ዋና ዘንግ፣ በኮሎው፣ እና በሚዞርበት ማቀፊያ፣ በብሮንዚናው፣ መሃል ያለው የዘይት ንጣፍ ይሳሳል። የዘይትና የውሃ ፖምፓዎቹም በሞተሩ ዙር ስለሚሠሩ ሙቀቱ በበዛበት ሰዓት ዘገም ይላሉ። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ የሚያጣምመው፣ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ የሚያቃጥለው ይህ ነው።

የአገራችን ከፍታም አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ገደማ ያጣል። የናፍጣ ፖምፓው የከፍታ ማካካሻ ከሌለው ደግሞ አየሩ ቢሳሳም ነዳጁን አይቀንስም፤ ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው። ጥቀርሻው በፋሻው አልፎ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ዘይቱን ያወፍራል፣ ብሮንዚናውን ይበላል። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ያለማቋረጥ ጥቁር የሚያጨስ ፒካፕ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ነዳጅ በሚረጨው ኖዝል ይመካኛል። ኖዝል ከመቀየሩ በፊት ሬሾውና የጎማው ልክ ቢታይ ይሻላል።

4.30 ያን ያህል የማይወራለት ምርጥ ዕቃ ነው። 265/70 አር 16 በአንድ ዙር ወደ 2.4 ሜትር ስለሚሄድ 4.30 ሲገባለት መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ዙሩም አይበዛም። 4.56 ከዚያ 6 በመቶ ያህል ትርፍ ጉልበት ይሰጣል። ቁልቁለት ላይም ሞተሩ በደንብ ስለሚይዝ ፍሬኑ ያርፋል፤ ግን በዝቅተኛ ማርሽ ለቀቅ አድርጎ መውረድ አደገኛ ነው፤ ፖምፓው ነዳጅ ይዘጋል እንጂ ጎማው ሞተሩን ከልኩ በላይ እንዳያዞረው አይከለክልም። ፒኞኑም 9 ጥርስ ብቻ ስላለው አነስ ይላል፣ ከባድ ጭነት ላይ ድንገት ፍሪሲዮን መልቀቅን አይወድም። በ205 ጎማ የአዳማን ፈጣን መንገድ በየቀኑ ለሚመላለስ አይሆንም፤ በ5ኛ ማርሽ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 2,800 ዙር ይጮሃል፣ 4.10 ግን ወደ 2,500 ነው።

መኪናው ላይ ያለውን ሬሾ ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሡ። ዘንጉ ላይ በኖራ ምልክት አድርጉና የተነሣውን ጎማ 20 ጊዜ አዙሩ። ሌላው ጎማ ስለቆመ ዘንጉ የሬሾውን 10 እጥፍ ይዞራል፤ 41 ከሆነ 4.10፣ 43 ከሆነ 4.30፣ 45 ተኩል ከሆነ 4.56፣ 37 ከሩብ ገደማ ከሆነ 3.73 ነው። ከተነቀለ ዕቃ ላይ ግን ጥርሱን መቁጠር ብቻ ነው፤ የሻጭ ቃል አይበቃም።

አዲስ ርካሽ ኮሮናና ፒኞን በዓይን ግምት ከሚታሰር፣ ያልተከፈተ ኦሪጅናል ዲፈረንሻል ከነቤቱ መግዛት ይመረጣል። የዚህ መኪና ባለ 8 ኢንች ዲፈረንሻል ሙሉ በሙሉ ከፊት ለፊቱ ይወጣል። ዘይቱ ይፈሳል፣ ታምቡሮቹ ወልቀው የጎማ ዘንጎቹ ይሳባሉ፣ የመሃል ዘንጉ አራት ብሎኖች ይፈታሉ፣ ከዚያ በ12 ቁልፍ አሥሩ ዳዶዎች። ሲመለስ 80 ደብሊው 90፣ ጂ ኤል 5 ዘይት ወደ 2.2 ሊትር ይገባል። የግድ ኮሮናና ፒኞን የሚቀየር ከሆነ በጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር መሆኑን በመለኪያ ሰዓት የማይለካ ጋራዥ ይቅርባችሁ።

ባለ አራት ጎማ ጉልበት ከሆነ የፊቱም አብሮ ይቀየራል። ኋላ 4.30፣ ፊት 4.10 ሆኖ ደረቅ መንገድ ላይ የፊቱ ከተያያዘ ኃይሉ መውጫ አጥቶ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን የማከፋፈያ ማርሽ ይሰብራል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ይዋሻል፤ ከ4.10 ወደ 4.56 የሄደ መኪና በእውነተኛው 80 ላይ 89 ያሳያል፣ ቆጣሪውን የሚያዞረው ትንሹ የፕላስቲክ ጥርስ እስኪቀየር ድረስ። አዲስ ኮሮና የገባለት መኪና የመጀመሪያዎቹን 800 ኪሎ ሜትር ያለ ከባድ ጭነት ሄዶ ዘይቱ ይቀየር። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ጥርሱ በትክክል አልገጠመም፤ ሲሰጥም ሲለቀቅም ሳይለወጥ የሚያጉረመርም ከሆነ ግን መጀመሪያ ኩሽኔታው ይታይ።